የዓርቡ ጀልባ

ዋና ለማያውቅ ልጅ የቱ ይሻለዋል፤ ውሃው ነው ወይስ አፈሳው?

ሐሙስን ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳላምጥ ውዬ፣ ዓርብ ጠዋት ከአባ ሳሙኤል ግድብ ዳር ስደርስም መልስ አላገኘሁለትም። ከፊቴ ውሃው ተንጣሏል። የልጅ ልጄ ደርዊሽ አጠገቤ ቆሟል፤ ወገቡ ላይ ባዶ ቢጫ ጄሪካን በገመድ ታስሮለት፣ መምህር ፊት እንደቆመ ጥፋተኛ ተማሪ አንገቱን ደፍቷል። ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጄሪካን ውሃ ውስጥ ቢደፍቁት ተመልሶ ብቅ እንደሚል አውቃለሁ። ልጄንም ይዞልኝ ብቅ ይላል ብዬ ነው።

«እማማ፣ ጋሽ አሻግሬ እየሳቀብኝ ነው» አለኝ በሹክሹክታ፣ በአይኑ ወደ ባለ ጀልባው እያመለከተ።

«ይሳቅ። ሳቅ አያሰምጥህም።»

«ሌላ ሰው ቢያየኝስ?»

«ሰው እንዳያይህ አይደል እንዴ የመጣነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ አፈሳ የሚሉት ነገር አቃቂን እንደ ወረርሽኝ ይዟት ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ልጅን በስሙ መጥራት ቀርቶ፣ በመንገድ የተገኘውን ጎረምሳ ሁሉ አንስቶ ኦራል መኪና ላይ መጫን ሆነ። አንድ ቀን ገበያውን፣ አንድ ቀን የፋብሪካውን በር፣ አንድ ቀን የኳስ ሜዳውን ይከባሉ። ማክሰኞ ዕለት የቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ቆሜ ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «የዚህ ዓርብ ተራው የመስጊዱ ነው፤ ጁምዓ ተሰግዶ ሲያልቅ በሩ ላይ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ቤት ለቤት ነው» ይላሉ። ስኳሬን ሳልወስድ ተመለስኩ።

ታላቁን ወስደውብኛላ! የደርዊሽ ታላቅ ወንድም ኸሚስ ነጭ ጋዝ ገዝቼ ልምጣ ብሎ እንደወጣ ነው የቀረው። ጠርሙሱን ጎረቤት ከመንገድ አንስታ አመጣችልኝ። አንድ ጊዜ ከማሠልጠኛ «ደህና ነኝ» የሚል ቃል በሰው ላከ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። አባታቸው፣ ልጄ መንሱር፣ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነው፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። እናታቸው ሳያድጉላት ሞተች። እንግዲህ የቀረኝ ይኼ አንድ ልጅ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አናቱ ጉበኑን የሚነካ፤ የት ይደበቃል? አልጋ ስር እግሩ ይወጣል። ቁም ሣጥን የለንም። ሳሪስ ያሉት ዘመዶቼም የራሳቸውን ልጅ የሚያስገቡበት ጠፍቷቸዋል።

በዚህ ጭንቄ ላይ ነው አሻግሬ የደረሰልኝ። አሻግሬና ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በባቡር ጥገና ክፍል ዕድሜያቸውን አብረው የጨረሱ ናቸው። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል፤ እሱ ጀልባ ሠራ።

«ሞሚና፣ ነገ ልጁን ይዘሽው ነይ» አለኝ። «ቀስ እያልን ስንንሸራሸር እንውላለን፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትመለሳላችሁ። ኦራል ውሃ ላይ አይሄድም።»

«ያንተስ ጀልባ ይሄዳል?»

«እንደ ልቡ ነው። ግን እስካሁን ሰው አልበላም።»

«እስካሁን» ያላት ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ።

ጀልባዋን ሳያትማ ወደ ቤቴ ልመለስ ዳዳኝ። በርሜል እየዘረጋ፣ እየበየደ የሠራት ናት፤ እንደ ባቡር ፉርጎ የረዘመች፣ እንደ ሬሳ ሣጥን የጠበበች። ከአሮጌ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ የተነቀለ የእንጨት ወንበር ግራና ቀኝ ገጥሞባታል፤ ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥ ጉልበት ለጉልበት ይነካካል። ከኋላዋ የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተር አለ። በዚህች ነው እንግዲህ ከማዶ ገበሬዎች ጭድና ሽንኩርት ሲያመላልስ፣ ሰውም ሲያሻግር የሚኖረው። «እናቴ አሻግሬ ያለችኝ ይህች ጀልባ ታይታት ነው» ይላል። ለተሳፈረ ሁሉ ይህችን ሳይናገር ሞተር አያስነሳም።

ከመነሳታችን በፊት ደርዊሽን ጠራውና ከመረብ የቆረጠውን ጥቁር ክር አንገቱ ላይ አሰረለት።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አልኩ።

«ማተብ።»

«አሻግሬ!»

«አትጩሂ እንጂ። የዓሣ መረብ ክር ነው። ሰው ከጠየቀ የልጄ ልጅ ወልደሚካኤል ነው፤ ከደብረ ብርሃን ለጥየቃ የመጣ፣ ገና አስራ ሰባት ዓመቱ። ዛሬ የሚጠብቁት መስጊድ በር አይደል? እንግዲህ ይኼ ልጅ መስጊድ በየት በኩል እንደሆነም አያውቅም።»

አስተግፊሩላህ አልኩ በሆዴ። እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ ከክርስቲያን ጋር ተዋልጄ፣ ተጎራብቼ ነው ያደግኩት፤ አሻግሬም ወንድሜ ማለት ነው። ቢሆንም ክሩን በልጄ አንገት ላይ ሳየው ገመድ ሆኖ ታየኝ። ደርዊሽ ግን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና፣ «ወልደሚካኤል! አቤት!» ብሎ ራሱን ጠርቶ ለራሱ መለሰ። ከጠዋት ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ልንነሳ ስንል ዳሲቱ የምትባል የማዶ ገበሬ ሚስት ከገበያ ስትመለስ ደረሰችብን፤ ጨውና ነጭ ጋዝ ይዛለች። ሰውነቷ ሞላ ያለ ነው። ስትገባ ጀልባዋ ወደ እሷ ጋደል ስትል እኔ ደርዊሽን በሁለት እጄ አነቅኩት።

«አዴ፣ አይዞሽ» አለችኝ፤ አዴ እናቴ ማለቷ ነው። «እኔ ስገባ ሁልጊዜ እንዲህ ትሰግድልኛለች።» ከዚያ ጄሪካኑን አየች። «ይኼ ልጅ ውሃ ሊቀዳ ነው እንዴ ውሃ ላይ የሚሄደው?»

«እንዳይሰምጥ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ለኔ በርሜል አምጪልኛ!»

ሞተሩ ተንተከተከና ተነሳን። መሄዳችንን ያወቅኩት ዳሩ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲቀር ነው። በዳር በኩል ጭነት የያዘ አህያ ጥሎን ሄደ።

«አሻግሬ፣ አህያ ቀደመን እኮ!»

«አህያው ሥራ አለበት። እኛ ምን አለብን?»

እውነቱን ለመናገር ቀኑ ያምር ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሞልቷል፤ ሰማዩ ታጥቧል። እምቦጭ የሚሉት አረም የግድቡን ግማሽ አልብሶታል፤ ሐምራዊ አበባውን ለሚያየው ግን አረም አይመስልም። አሻግሬ በመካከሉ በማጭድ እያጨደ ጠባብ ቦይ ከፍቷል፤ ጀልባዋ በዚያ ቦይ ግራና ቀኙን እየዳበሰች ትሳባለች። ዳክዬዎች ከፊታችን እየቀዘፉ ዞር ይሉልናል እንጂ አይበሩም፤ ምን አስቸኩሏቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ጀነት ነው ይል ነበር። እኔ ግን አበባውን ሳይ ከሥሩ ያለው ጥልቀት ነው የሚታየኝ፤ ዳሩን ሳይ ዛፉ ሁሉ መሣሪያ የያዘ ሰው ይመስለኛል። ደርዊሽ እጁን ውሃው ውስጥ ሲሰድ እጁን መታሁት።

«እማማ፣ ውሃ እኮ ነው።»

«ወንድምህም ‹ሱቅ እኮ ነው› ብሎ ነው የወጣው።»

እጁን አውጥቶ በሱሪው ጠረገ።

በየጥቂቱ አረሙ የሞተሩ ጭራ ላይ ይጠመጠምና ጀልባዋ ትቆማለች። አሻግሬ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እያፏጨ፣ በማጭድ ያጸዳል። ከውሃው መሃል ስንቆም ደስ ይለኛል፤ ማንም አይደርስብንም። አንዴ ግን የቆምነው ወደ ማዶ ዳር ተጠግተን ነበር። ሞተሩ ጸጥ እንዳለ ከዳር በኩል ድምፅ መጣ።

«አባባ! ጠጋ በሉ!»

አንድ ሰው ከውሃው አፋፍ ላይ ቆሟል። ካኪ ኮት ለብሶ ምንሽር ጠመንጃ በትከሻው አንግቷል። አብዮት ጥበቃ ነው።

«እንዳትጠጋ» አልኩት አሻግሬን በጥርሴ መሃል።

«ካልተጠጋሁ ይተኩሳል፤ ከተጠጋሁ ይቀመጣል። የቱ ይሻልሻል?»

ተጠጋ።

ሰውየውን ዳሲቱ ታውቀዋለች። አደሴ ይባላል፤ የእነሱ ገበሬ ማኅበር ጥበቃ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ አይኑ ግን እንቅልፍ እንዳጣ ሰው አይን ደም መስሏል።

«አደሴ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትበላ ነው?» አለችው።

«ዝም በይ ዳሲቱ። እስከ ወፍጮው ዳር አድርሱኝ። ከከተማ የሚሸሹ ጎረምሶች በግድቡ በኩል ያልፋሉ ተብሎ ከንጋት ጀምሮ እየዞርኩ ነው። እግሬ አለቀ።»

ያ ረቢ! የሸሸንበት ቦታ ለካ መጠበቂያቸው ኖሯል። አደሴ ገብቶ የት ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ደርዊሽ ፊት ለፊት። ጉልበቱ ከልጄ ጉልበት ተነካካ። ጠመንጃውን በእግሮቹ መሃል አቆመና ጄሪካኑን ተመለከተ።

«ዋና አትችልም?»

«አልችልም» አለ ደርዊሽ።

«የልጄ ልጅ ነው» አለ አሻግሬ ከኋላ፣ ሳይጠየቅ። «ወልደሚካኤል። የደብረ ብርሃን ልጅ ውሃ የት ያውቃል! ብርድ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«እርስዎስ እማማ?»

«እኔ ጎረቤት ነኝ። ለሽርሽር ነው። ነፋስ ለመቀበል» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። በሕይወቴ ለሽርሽር ወጥቼ አላውቅም።

አደሴ ራሱን ነቀነቀ። ቅድም አትቸኩል እያልኩ ስጸልይባት የነበረችው ጀልባ፣ አሁን እንደ ቆመች ሆና ታየችኝ። ወፍጮው ዳር ከሩቅ ይታየኛል፤ አይቀርብም። አደሴም ሰልችቶት፣ «ይህች ጀልባ ፈጠን አትልም?» ሲል፣ አሻግሬ፣ «ትላለች፤ ወርዶ የሚገፋ ከተገኘ» አለው። ዳሲቱ ሳቀች። እኔ የሳቅ አፍ አልነበረኝም።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ዳሲቱ ቆሎ ከጉያዋ አወጣችና ለሁሉም በእፍኝ በእፍኝ አደለች። ደርዊሽ የሱን እፍኝ በእጁ እንደያዘ ቀረ። ፊቱ ገርጥቷል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ከልጅነቱ ጀምሮ መንገድ ስንሄድ የምይዝለት የተቀቀለ እንቁላል ነው፤ ያን ዕለትም በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ይዣለሁ። አሳቤ ጠመንጃው ላይ ነው፤ እጄ ግን በራሱ ጊዜ ቋጠሮውን ፈታ፣ ልጣጩን ላጠ፣ ከዳሲቱ ጨው ቆንጠር አድርጎ ነሰነሰበት።

«እንካ የኔ ጌታ፤ ሆድህ ባዶ ነው» ብዬ አጎረስኩት።

እሱም ራቡ ይሁን ልማዱ፣ ከንፈሩን እንቅስቅስ አድርጎ ጎረሰ።

ዳሲቱ ቆሎዋን ማኘክ አቆመች። እኔ ገና አልገባኝም፤ ሁለተኛውን እየላጥኩ ነው።

«ዛሬ ዓርብ ነው» አለ አደሴ።

እጄ ላይ ያለው እንቁላል ድንጋይ ሆነብኝ። ማተብ ያሰረ ልጅ በዓርብ እንቁላል! ያውም በኔ እጅ! ከዚያ በኋላ የሆነው በአንድ ጊዜ ነው። አሻግሬ ሞተሩን ለቆ መጣና ደርዊሽን ማጅራቱን በጥፊ አለው፤ እንቁላሉ ከአፉ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ገባ።

«አንተ ከሐዲ! እናትህ ለዚህ ነው ወደኔ የላከችህ? በዓርብ ቀን!»

«ወዪ! ዓሣዎቹ ገደፉ!» ብላ ዳሲቱ በሳቅ ፈነዳች፤ ጀልባዋ ከሷ ጋር ተናወጠች።

እኔም ላድነው ብዬ፣ «ታሞ ነው! ጨጓራውን ነው! የነፍስ አባቱ ፈቅደውለት ነው የሚበላው!» አልኩ።

አያቱ ለጾም መግደፍ እየደበደበው፣ እኔ ተፈቅዶለት ነው ማለቴ እርስ በርሱ እንደሚጣላ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አሻግሬ እጁን እንዳነሳ ቀረ። የዳሲቱም ሳቅ ቀስ እያለ ሞተ።

አደሴ አልሳቀም። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ክሩን በአንድ ጣቱ ከደርዊሽ አንገት ላይ አነሳው፤ አገላብጦ አየውና መልሶ ለቀቀው።

«ከመጉረስህ በፊት ከንፈርህ ምን አለ?»

ደርዊሽ አንገቱን አልደፋም፤ አይን አይኑን አየው። እኔ ገመዱን ጨብጬያለሁ፤ የጄሪካኑን ገመድ። ቢይዘው ልጎትተው ይሁን አብሬው ልሄድ፣ አላውቅም። ሰውየው ልጄ ቢስሚላህ ማለቱን አይቷል። አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ያውም ያለ ድምፅ።

«እማማ» አለኝ አደሴ፣ አይኑን ከልጁ ሳይነቅል። «ቤትዎ የት ነው?»

«አቃቂ።»

«አቃቂ የት?»

«በሰቃ።»

«በሰቃ የት?»

መዋሸት ነበረብኝ። ሳሪስ አቦ ጋ፣ ቃሊቲ፣ የትም ማለት ይቻል ነበር። ፍርሃት ግን እውነትን ከሰው አፍ እንደ ጥርስ ይነቅላል። «ከቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጀርባ፤ አረንጓዴው በር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ወፍጮው ዳር ስንደርስ ወረደ፤ ጠመንጃውን አስተካክሎ ዳገቱን ወጣ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ አየን። ዳሲቱም ዕቃዋን ተሸክማ ስትወርድ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«አዴ፣ አደሴ ክፉ አይደለም። ደግም አይደለም። ሆዱ አይታወቅም። አንቺ ልጅሽን ያዢ። እሱ ወልደሚካኤል ከሆነ እኔም ንግሥት ነኝ።»

ከሰዓት በኋላውን ከአረሙ መሃል ሞተር አጥፍተን ነው ያሳለፍነው። ነፋሱ ጀልባዋን ቀስ እያለ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይወስዳታል፤ ፀሐዩ ለስለስ ያለ ነው። አሻግሬ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተጋደመ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም፤ እግሩ ይንቀሳቀሳል።

«ቤታችንን ለምን ነገርሽው?» አለኝ ደርዊሽ።

የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ከመቆጣት ይልቅ ጄሪካኑን ራሱ ፈታና አጠገቡ አስቀመጠው። ከዚያ በፀሐይዋ አቅጣጫ ገምቶ ዞረ፤ በግድቡ ውሃ ተጣጥቦ ውዱእ አደረገና ተቀምጦ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን ሰገደ። ጥቁሩ ክር አንገቱ ላይ ነው። አሻግሬ ቀና ብሎ አየው፤ ባርኔጣውን ከራሱ አወረደ፤ ጀልባዋ እንዳትወዛወዝበት የአረሙን ሥር በእጁ ጨብጦ ያዘለት፤ ሰግዶ እስኪጨርስም አልለቀቀም።

«አንመለስ» አልኩት አሻግሬን ኋላ። «እዚሁ እንደር። ቤታችንን ያውቃል።»

«ሞሚና፣ ጀልባዋ የምታስገባውን ውሃ ስቀዳ ነው የዋልኩት፤ አላየሽም እንጂ። አዳር አትችልም።»

እንዲህ ነው እንግዲህ እኔን ማጽናናት የሚያውቀው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በጓሮ በጓሮ ተደብቀን ቤታችን ደረስን። አረንጓዴው በር ተከፍቷል። ፍራሹ መሬት ላይ ተገልብጧል፤ የእህል ጆንያው ተፈቶ ፈሷል፤ የአልጋው ስር ተበርብሯል። መጥተው ሄደዋል። አልሐምዱሊላህ ብዬ ልቀመጥ ስል በግድግዳው በኩል ለቅሶ ሰማሁ። የጎረቤቴ የሐጀራ ለቅሶ ነው፤ ልጇን ከመስጊዱ በር ላይ ወስደውባታል። ሐጀራ ጮኻ አታለቅስም፤ አፏን በጨርቅ ይዛ ነው የምታለቅሰው። ግድግዳችን ጭቃ ስለሆነ ግን ሁሉም ይሰማል። ደርዊሽ ግድግዳውን በመዳፉ ነክቶ ቆመ። ከሟቹ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ... ሟች አልኩ እንዴ! አላህ አይበለው፤ ከልጇ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው።

ፍራሹን ገና አንስተን ሳንጨርስ በሩ ተንኳኳ። ደርዊሽን ወደ መጋረጃው ጀርባ ገፋሁት። በሩን ገርበብ ሳደርገው አደሴ ነው። ካኪውን አውልቆ ጋቢ ለብሷል፤ ጠመንጃ አልያዘም።

«ግባ አይሉኝም?» አለ ቀስ ብሎ።

አልልም ማለት አይቻልም። ገብቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ የፈሰሰውን እህል አየ።

«ልጁ የት አለ?»

«የለም። ከአያቱ ጋር ነው።»

«ከየትኛው አያቱ?»

ጎንበስ ብዬ የፈሰሰውን እህል መልቀም ጀመርኩ።

«እማማ፣ ልይዘው ብፈልግ ጀልባው ላይ እይዘው ነበር። አይፍሩኝ።»

«ልጄ፣ እኔ ሳልፈራ ያደርኩበትን ቀን ረስቼዋለሁ። ምን ፈልገህ ነው?»

እጆቹን እያሻሸ መሬት መሬት አየ። «ታናሽ ወንድም አለኝ። የርስዎን ልጅ ያክላል። እናታችን ስትሞት ለኔ ነው የሰጠችኝ። ነገ የእኛ ገበሬ ማኅበር ተራ ነው። ከሚሄዱት አንዱ እሱ ነው። ሰብስቦ የሚያስረክበው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ያኔ ነው ያ የቀላ አይኑ የገባኝ።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«አባባ አሻግሬ ዳር ባሰሩት ጀልባ ውስጥ፣ ጭድ አልብሼው። እሳቸውም አያውቁም። እዚህ ላመጣው አልቻልኩም፤ በመንገዱ ያለው ጥበቃ ሁሉ ያውቀኛል፤ ከጎኔ ጎረምሳ ካየ የያዝኩት መስሎት ይረከበኛል። በጓሮ የሚያመጣው የሰፈር ሰው ያስፈልጋል። ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ዘመድ እልከዋለሁ።»

«ለምን እኔ ቤት? ሰው ጠፍቶ?»

«ዛሬ የተፈተሸ ቤት ነገ አይፈተሽም። ደግሞም» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «ሌላ የማምነው ሰው የለኝም። እርስዎ እኔን ቢያስይዙ እኔም እርስዎን አስይዛለሁ። በዚህ ጊዜ ዘመድ እንኳ እንዲህ አያስተማምንም።»

ክፉ ነገር ነው የተናገረው፤ እውነት ነው ደግሞ።

«እንቢ ብልህስ?»

«አልፈርድብዎትም። ልጁንም አልነካብዎትም። ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ነገ ወንድሜን በእጄ አስረክባለሁ።»

እንቢ ካልሽ ልጅሽን እወስዳለሁ ቢለኝ ይቀለኝ ነበር። ተገድጄ ነው እል ነበር። አሁን ግን ነገሩን እፊቴ አስቀምጦ እጁን ሰበሰበ። እኔም መቁጠር ጀመርኩ፤ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ሰው ድንገት ብቅ ይላል፤ ሁለት ጎረምሳ በአንድ አልጋ ቢያስነጥሱ እንኳ ይሰማል። አንዱን መደበቅ አቅቶኝ ውሃ ላይ የወጣሁ ሴት ሁለት የት ላደርስ ነው? ቢገኝ የሚጠፋው የሱ ወንድም ብቻ አይደለም፤ ደርዊሽም አብሮ ነው። ይህን ሁሉ ነገርኩት። አደሴ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ በአንዱም አልተከራከረኝም። ስጨርስ የሐጀራ ለቅሶ በግድግዳው በኩል መጣ። አደሴም ሰማው፤ ሊነሳ ጋቢውን ሰበሰበ።

መጋረጃው ተገለጠ። ደርዊሽ ወጣ።

ከምስማሩ ላይ ኮቱን አወረደና ለበሰ። ከአልጋው ራስጌ ጋቢዬን አንስቶ በክንዱ ላይ አጠፈው፤ የአደሴን ወንድም ሊያለብስበት እንደሆነ ገባኝ።

«ወዴት ነው?» አልኩት። «ደርዊሽ፣ አንተ አትሄድም። እኔ እሄዳለሁ፤ አሮጊት ማን ይይዛል? ቆይ፣ ጫማዬን ላግኝ...»

እኔ በዚያ ትርምስ ውስጥ ጫማዬን በእግሬ ስዳብስ እሱ የራሱን አጥልቆ ጨርሷል። አደሴን ዞሮ አላየውም። እኔን ግን አየኝ። ፊቱ ላይ የኔው ፍርሃት አለ፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ላብ ወጥቶታል። በሩን ሲጢጥ እንዳይል በእጁ ከፍ አድርጎ ከፈተና በጓሮ በኩል ወደ ግድቡ ወጣ።